ስፒሪቱ ለጦጣዋ፣ ፎርማሊኑ ለዛጎሉ

«ናሙና አንድን ከናሙና ሁለት ጋር አነጻጽሩ። አራት ልዩነትና ሁለት ተመሳሳይነት ጻፉ።»

ይህቺ ጥያቄ ካምፓላ፣ ቡኮቶ በሠራሁበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ልምምድ ፈተና ላይ በየዓመቱ ትመጣ ነበር። መምህሩ ሚስተር ኦኬሎ የሚወደው ጥንድ ደግሞ አንድ ነው፤ ትንሽ ጦጣና የሐይቅ ዛጎል። ሁለቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ተማሪዎቹ ይስቃሉ። አንዷ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ የተኛች ሕፃን ትመስላለች። ሌላው ድንጋይ ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። «ማዳም፣ እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» ይሉኛል። መልስ መንገር ስለማይፈቀድልኝ «ቀርባችሁ እዩ» ከማለት ሌላ አልናገርም ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። ከተማሪዎቹ በላይ እነዚያን ሁለት ብልቃጦች ያየ ሰው እኔ ነኝና ስለ እነሱም፣ እነሱን ስላስተማሩኝ ሰውም፣ ስላጠፋሁት ጥፋትም ልጻፍ።

ወርቅነሽ እባላለሁ። አዲስ አበባ ኮልፌ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው ሥራ የጀመርኩት። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ አንድ የሙከራ ቱቦ ከተሰበረ ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልለው ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። ያኔ ብረግማቸውም ብርጭቆ አያያዝ ያወቅሁት በእሳቸው ነው። በኋላ የአገሩ ነገር አላስቀምጥ ሲለኝ በናይሮቢ በኩል ካምፓላ ገባሁ። ካንሳንጋ አንድ ያገሬ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ሳጥብ ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ደንበኛ ቡኮቶ ያለ ትምህርት ቤት ብርጭቆ ሳይሰብር የሚያጥብ ሰው ይፈልጋል ብሎ ነገረኝ።

የዚያን ጊዜዋ ርዕሰ መምህርት አጭር፣ ፈጣን ሴት ነበረች። የስደተኛ መታወቂያዬን ፊትና ጀርባውን አየችና «ደም ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። አልፈራም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ዛጎል ትፈሪያለሽ ወይ ብላኝ ቢሆን ኖሮ ግን ሥራውን አላገኝም ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ፖሾ ለሚሉት የበቆሎ ገንፎ የሚበቃ፣ ለጌጥ የማይተርፍ ነበር። ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ላቦራቶሪው ውስጥ የተቀበሉኝ ሳሎንጎ ናቸው። ሳሎንጎ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ የመንታ አባት ማለት ነው፤ መንታ የወለደ ሰው ከዚያ በኋላ በስሙ አይጠራም፣ ሚስቱም ናሎንጎ ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው ነበሩ። የምንግባባው በግማሽ እንግሊዝኛ፣ በግማሽ ሉጋንዳ፣ ቃል ሲያልቅብን ደግሞ በእጅ ነበር።

የሳሎንጎ አመል ብዙ ነው። ጠዋት ሲገቡ ከሰው በፊት ለብልቃጦቹ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱን እየነኩ ፈሳሹ መጉደሉን፣ አለመጉደሉን ያያሉ። በየብልቃጡ ጎን ፈሳሹ የደረሰበትን በእርሳስ ያሰምራሉ። እስክሪብቶ አይወዱም፤ የእስክሪብቶ ቀለም አንድ ቀን ፈሳሽ ሲነካው ይሄዳል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። የክዳኑን ጠርዝ ቫዝሊን በጣታቸው ይቀቡታል፤ ሲቀቡም እንደ ሕፃን ፀጉር ነበር ቀስ የሚሉት። ዋናው አመላቸው ግን ይኼ ነው፦ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን ካልተጠየቁ አይናገሩም። «ለምን የምትባለዋን ነገር ለማንም ቤቱ ድረስ አላመጣለትም። የፈለጋት መጥቶ ይውሰዳት» ይሉ ነበር። ስንፍና መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ነው የገባኝ።

ሥራ በጀመርኩ በወሩ አንድ ሰው ከኢንቴቤ መንገድ መኪና የገጫት ትንሽ ጦጣ በጆንያ አምጥቶ ሰጠን። ሳሎንጎ ጆንያውን አዩና ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። «ጓንትሽን አድርጊ። መርፌውን ፎርማሊን ሙይ። ሆዷ ውስጥ ውጊ፤ ውስጡ ቀድሞ ነው የሚበሰብሰው» እያሉ ግድግዳውን እያዩ አዘዙኝ። ወጋሁ። «አሁን እጅና እግሯን አስተካክዪ። ከደረቀች በኋላ እንዳስቀመጥሻት ነው የምትቀረው፤ ተማሪ ሃያ ዓመት ያያታልና ደህና አድርገሽ አስተኚያት።» እኔም እጇን አገጯ ሥር አደረግሁላት። ዓይኔ በፎርማሊኑ ይነዳል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፤ እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳን ዞር አላሉም።

ውስጤ ተቃጠለ። ስደተኛ ስለሆንኩ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ቆሻሻውን ለእኔ ትተው በር ላይ የሚቆሙ አለቃ መሰሉኝ። ሁለት ሳምንት ችዬ ሦስተኛው ላይ ፈነዳሁ። «እኔ ለእናንተ የጦጣ አጣቢ ነኝ? እጅዎ ከእጄ ይከብራል?» አልኳቸው። ሳሎንጎ ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ኛቦ፣ እኔ እንኪማ ነኝ» አሉኝ። ኛቦ በሉጋንዳ እመቤት እንደማለት ነው፤ እንኪማ ደግሞ ጦጣ ነው። የሉጋንዳ ተናጋሪዎቹ ባጋንዳዎች በጎሳ ይከፋፈላሉ፣ እያንዳንዱ ጎሳም ሙዚሮ የሚሉት አንድ እንስሳ ወይም ሌላ ፍጥረት አለው፤ የእሱ ሰዎች ያንን አይበሉም፣ አይገድሉም፣ ያከብሩታል። የሳሎንጎ ጎሳ ሙዚሮ ጦጣ ነው። «ሕጉ አትብላ፣ አትግደል ነው የሚለው። ሞታ ሳያት አለመንካቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አባቴ እንደዚያ ነበር። የወንድምሽን ሬሳ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ ቢሉሽ ትችያለሽ?»

አፈርኩ። ለማስተካከል ብዬ ደግሞ ሌላ ጉድ ተናገርኩ። «እኔም እኮ ዛጎሎችዎን አልነካም» አልኳቸው።

«እሱንስ አይቻለሁ። ለምንድን ነው?»

«በእኛ ሃይማኖት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት ርኩስ ነው። አይበላም። መንካቱን ደግሞ... የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ሳሎንጎ ሳቁ፤ ተነስተውም ቁምሳጥኑን በእጃቸው ለሁለት ከፈሉት። የላይኛው መደርደሪያ የጦጣዋ፣ የታችኛው የዛጎሎቹ። ላዩ የወርቅነሽ፣ ታቹ የሳሎንጎ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እኔ ዛጎል አልነካሁም፣ እሳቸው ጦጣ አልነኩም። በሥራ ዘመኔ ካገኘኋቸው አለቆች ሁሉ ክልክሌን ሳይንቅ መደርደሪያ የሰጠኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዛጎሎቹ ሰባት ነበሩ። ሳሎንጎ ወጣት ሳሉ ከፖርት ቤል ዓሣ አጥማጆች ጋር ውሃ እየገቡ ራሳቸው የለቀሟቸው ናቸው። ትንሹ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፣ ትልቁ መዳፍ ይሞላል። እያንዳንዱ ከሁለቱ ክዳኖቹ አንዱ ተነስቶለት ውስጡ ያለው ሥጋ እንዲታይ ተደርጎ በብልቃጥ ተቀምጧል። ያን ያህል ትልቅ ዛጎል ዛሬ ከዚያ ዳርቻ አይገኝም፤ ዳርቻው በአረም ተሸፍኗል፣ ወደቡም ሰፍቷል።

አልነካም ማለት አላይም ማለት አይደለም። ተማሪዎቹ የሚጽፉትን መልስ ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። ጦጣዋ አከርካሪ አላት፣ ዛጎሉ የለውም። ጦጣዋ አጥንቷን ከውስጥ ለብሳለች፣ ዛጎሉ ከውጭ። እሷ አራት እጅና እግር ከጭራ ጋር፣ እሱ አንድ እግር ብቻ፤ ያውም ምላስ የሚመስል። እሷ ጭንቅላት አላት፤ እሱ ጭራሽ ጭንቅላት የለውም። ተመሳሳይነት ሲባል ይቸገራሉ፤ ጎበዞቹ ግን ሁለቱም ልብ አላቸው ብለው ይጽፋሉ።

እኔ የምወደውን ልዩነት ግን ማንም ጽፎት አያውቅም። የሁለቱም ዕድሜ ገላቸው ላይ ተጽፏል። የጦጣዋ ጥርሷ ላይ ነው፤ የእኛዋ ገና የወተት ጥርሷን እየጣለች ነበር። የዛጎሉ ልባሱ ላይ ነው፤ ቀለበት በቀለበት ላይ ይጨምራል። ዛጎል ምንም አይጥልም። ሕፃን ሳለ የነበረው ቤት አሁንም ጀርባው ላይ፣ ጉብ ያለችው ቦታ ላይ አለ፤ የሚያድገው በጠርዙ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለሳሎንጎ «እኔ እንደ ጦጣዋ ነኝ፤ የወተት ጥርሴን አገሬ ጥዬ መጣሁ» ብላቸው፣ «አይ ኛቦ፣ አንቺ ዛጎል ነሽ። ከካንሳንጋ የምታመጪውን ምሳ አላየሁም ብለሽ ነው?» አሉኝ። ሽሮዬን ማለታቸው ነው። ልቤ ሞቀ።

ካንሳንጋ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ያገሬ ሰው ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፤ ጦጣ ሲነካ የዋለ እጅ ትሪ ውስጥ ሲገባ የሚሸሽ አይጠፋም። ጎረቤቴ ሳባ ደጋግማ ታሾፍብኝ ነበር። «እጅሽን በበረኪና ካልታጠብሽ ማዕዴ አትቀርቢም!» ትላለች፤ ይህን እያለች ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሷ ታጎርሰኛለች። ሌሎቹ እሷን አይተው ለመዱኝ። እግዜር ይስጣት።

ሳሎንጎ ጡረታ የወጡት የኮሮና ወረርሽኝ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት ጄሪካኖች አሳዩኝ። አንዱ ፎርማሊን፣ ሌላው ስፒሪት የሚሉት አልኮል ነው። «ፎርማሊኑ ለላይኛው መደርደሪያ፣ ስፒሪቱ ለታችኛው» አሉኝ። ካሌ፣ እሺ አልኩ። በር ላይ ትንሽ ቆም አሉ። አሁን ሳስበው አንዲት ቃል እየጠበቁ ነበር፤ ለምን ብዬ እንድጠይቃቸው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልኩ ተማሪ ስመክር የኖርኩ ሴት እኔ ራሴ አልጠየቅሁም። የዛጎሉን ነገር ማወቅ አልፈለግሁም ነበር፤ ርኩስ ነዋ።

ከዚያ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ታክሲ ቆመ፤ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከካንሳንጋ እስከ ቡኮቶ በእግሬ እየሄድኩ ብልቃጦቹን አይ ነበር። ብልቃጥ በሽታ መጣ ብሎ አይጠብቅም፤ ፈሳሹ ይተናል። በሦስተኛው ወር ገደማ የጦጣዋ ክዳን ተሰንጥቆ፣ ዛጎሎቹም ከእርሳሱ መስመር በታች ወርደው አገኘኋቸው። የስፒሪቱ ጄሪካን ከግማሽ በታች ነው። ልግዛ ብል በከተማው አልኮል የሚባል ጠፍቷል፤ ሁሉም እጁን ሊያጸዳበት ወስዶታል።

ሳሎንጎ ጋ ደወልኩ። ሉዚራ ቤታቸው ውስጥ ታመው ተኝተዋል። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። «ሳሎንጎ፣ የጦጣዋ ክዳን ተሰንጥቋል፣ ስፒሪቱም ግማሽ ጄሪካን ቢሆን ነው፤ ምን ላድርግ?» አልኩ። የሰማሁት ይኼ ነው፦ «ስፒሪት... እንኪማ ጋ... ሼሎቹ... አደራሽን... ስፒሪቱ...» ከዚያ ሳል፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

በእንግሊዝኛ ሼል ዛጎል ነው፤ ስፒሪት ግን አልኮሉም ነው፣ መንፈስም ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ ሰው ይሞታል የሚባልበት ጊዜ ነበር። አንድ የታመመ ሽማግሌ ስለ መንፈስ፣ ስለ ጎሳው እንስሳ፣ ስለ አደራ ሲናገር ሰማሁ። እየተሰናበቱኝ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስበርድ ደግሞ አሰብኩ። ስለ አልኮሉ ከሆነ የተናገሩት፣ ከእንኪማ ጋር ነው ያነሱት። ስለ ነፍሳቸው ከሆነ፣ ለጦጣዋ ከዚህ የተሻለ ነገር ሊደረግላት ይገባል። ሁለቱም መንገድ ወደ ጦጣዋ አመራኝ። መልሼ መደወል ነበረብኝ። የታመመ ሰው አላስቸግርም አልኩ፤ እውነቱ ግን አልገባኝም ማለት አፍሬ ነው።

ጦጣዋን ከአሮጌው ፎርማሊን አውጥቼ አጠብኳት፤ ክዳኑን ለወጥኩ፣ ያለውን ስፒሪት በሙሉ ለእሷ ሰጠኋት። የተረፈውን አሮጌ ፎርማሊን መድፋት ኃጢአት መሰለኝና በጭልፋ እየቀዳሁ ዛጎሎቹ ላይ ሞላሁት። ልክ እርሳሱ መስመር ድረስ። በሥራዬ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

ሳሎንጎ አልሞቱም። ቀስ በቀስ ዳኑ፤ በስልክ ስናወራ ስለዚያች ቀን አንዳችንም አላነሳንም። በመካከሉ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ሲመለሱ፣ መነካካት ስለተከለከለ ሚስተር ኦኬሎ በሥዕል ነበር ያስተማረው። የዛጎሎቹ ፈሳሽ ወተት ወተት ሲመስል አየሁ፤ አቧራ ነው አልኩ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ተከፈተ። ሚስተር ኦኬሎ በመጀመሪያው ሳምንት «ማዳም፣ ጦጣዋንና ትልቁን ዛጎል አምጪልኝ። አሁን በእውነተኛው ይዩ» አለኝ። ትልቁን ብልቃጥ ሳነሳ ውስጡ ያለው ነገር ዘመም አለ። ከፈትኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቴን ዛጎል ላይ አደረግሁ። እንደ ረጠበ ካርቶን ጎበጠልኝ። ቀለበቶቹ የሉም። ያ ሁሉ ዓመት የተጻፈበት ልባስ ነጭ ጭቃ ሆኖ ብልቃጡ ሥር ተኝቷል። ሌላውን ከፈትኩ፤ እሱም እንደዚያው። ትንሹማ ልባስ የሚባል አልቀረለትም። ሰባቱም አልቀዋል። ጦጣዋ ግን ትናንት የተኛች ይመስል ፀጉሯ ተለይቶ ይታያል።

«ምን ሆነ?» አለኝ ኦኬሎ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ለኬሚስትሪ አስተማሪዋ ነገራትና እሷ በሁለት ደቂቃ አስረዳችን፤ ፎርማሊን ሲያረጅ አሲድ ይሆናል፣ አሲድ ደግሞ ዛጎል ይበላል። ሳሎንጎ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ቢጠየቁ ሊነግሩኝ የነበረው ይኼን ነው።

በዚያው ሳምንት አዲሱ ርዕሰ መምህር ጠርቶ ዕድሜዬ መድረሱን ነገረኝ፤ ጡረታ መውጣት ወይም ለአንድ ዓመት በውል መቆየት እችላለሁ። ቅጹን ሰጠኝ። ቅጹ ባዶውን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ተቀመጠ። ሐሳቤ ሁሉ ሳሎንጎ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መጥቼ ዛጎሎቼን አያለሁ ብለው ነበር። እኚህ ሰው ባይኖሩ በዚህ ከተማ ሙያ የሚባል ነገር አይኖረኝም ነበር፤ እኔ ደግሞ የወጣትነታቸውን ልፋት በጭልፋ አጠፋሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ሳባ መላ አመጣች። «ምን ያስጨንቅሻል? ዛጎል ከዛጎል ምን ይለያል? ፖርት ቤል ሂጂ፣ ሰባት ለቅመሽ በየብልቃጡ ክተቺ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ አያውቁም።»

አልዋሽም፣ ሄጃለሁ። ፖርት ቤል ዳርቻ ላይ ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቅሁ። አንዱ ከጀልባው ሥር እፍኝ ሙሉ አውጥቶ መዳፌ ላይ አደረገልኝ። ሁሉም ትናንሽ ናቸው። እዚያው ቆሜ የአንዱን ቀለበት ስቆጥር ሦስት ላይ አለቀ። የሳሎንጎን ዓይን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ጣታቸውን ግን አይቻልም። ዛጎሎቹን ውሃው ውስጥ መለስኳቸውና ቦዳ ይዤ ሉዚራ ቤታቸው ሄድኩ።

ሳሎንጎ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ሹራብ ደርበዋል። ናሎንጎ ጓሮ ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ እየላጡ ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስ ከቦርሳዬ የትልቁን ዛጎል ብልቃጥ አውጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። ከፈቱት። ያንን ለስላሳ ነገር በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ያዙት፤ ጠርዙን በቀስታ ዳሰሱት። ቀለበቱን እየፈለጉ ነበር።

«ምን ሞላሽበት?»

«የጦጣዋን አሮጌ ፎርማሊን።»

«ሰባቱም ላይ?»

«ሰባቱም ላይ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ነበርሽ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። «አንድ ቀን ለምን አላልሽም። አንድ ቀን! እኔም ግትር ነኝ፤ ካልጠየቀች አልነግራትም አልኩ። ሁለት ግትሮች ናቸው የበሏቸው።» ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ከዚህ የበለጠ ሊቀጡኝ አይችሉም ነበር።

ብልቃጡን ከድነው «ስፒሪቱስ? ግማሽ ጄሪካን ነበር አላልሽኝም? የት ሄደ?» አሉ።

«ለጦጣዋ ሰጠኋት።»

«ለጦጣዋ? ለምን?»

ያቺን የስልክ ቀን ነገርኳቸው። የሰማሁትን የተቆራረጠ ቃል፣ የሚሞቱ መስሎኝ ማልቀሴን፣ ስለ ነፍሳቸው ያሰብኩትን፣ ሁሉንም። «ዘመድዎ ናትና ጥሩው ለእሷ ይሁን አልኩ። የተረፈውን ለዛጎሎቹ ሰጠሁ። ርኩስ ናቸው ብዬ ንቄያቸው ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ኛቦ፣ እኔ ያልኩት ስፒሪት እንኪማ ጋ አይሂድ፣ ሼሎቹ ጋ ይቅር ነው!» አሉ፤ ከዚያ ሳቅ መጣባቸው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ናሎንጎ ቢላዋ እንደያዙ ሮጠው መጡ። ሳሎንጎ እያሳሉ፣ እየሳቁ፣ እንባቸውን በሹራባቸው እየጠረጉ በሉጋንዳ ነገሯቸው። ሁሉን ባልሰማም የመጨረሻውን ሰማሁ፤ በከተማው አልኮል በጠፋበት ጊዜ ይህቺ ሴት ያላትን በሙሉ ለእንኪማ ሰጠች እያሉ ነበር። ናሎንጎ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ባምቢ!» አሉ፤ አይ የኔ ምስኪን እንደማለት ነው።

ሳሎንጎ ትከሻዬን ይዘው «ኦኖ ሙጋንዳ ዋንጌ» አሏቸው። ይህቺ እህቴ ናት ማለት ነው። ለጨዋታ ያሉት መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «የእኛ ሰው ያላደረገላትን አድርገሻል። ከዛሬ ጀምሮ እንኪማ ነሽ» አሉኝ።

አለቀስኩ። በዚህ አገር ስኖር መታወቂያዬን እንጂ የማን ነሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። የማን እንደሆንኩ ያወቅሁት ያን ቀን፣ ያንን ያህል ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ማቶኬው ቀርቦ ስንበላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ሳሎንጎ፣ እንግዲህ እኔም ጦጣዋን መንካት አልችልም ማለት ነው?»

«አትችይም።»

«ለምን?» አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ፊታቸው በራ። «በመጨረሻ!» አሉና ምክንያቱን ከአባታቸው ጀምረው፣ ከአያታቸው አልፈው፣ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነገሩኝ።

በማግስቱ ቡኮቶ ሄጄ ቁልፉን ለሚስተር ኦኬሎ ሰጠሁት። ለአዲሱ ሠራተኛ የትኛው ፈሳሽ ለየትኛው መደርደሪያ እንደሆነ፣ ከነምክንያቱ፣ በእርሳስ ጽፌ ቁምሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቅጹን ሞላሁ። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ዘመን። «የሚለቁበት ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ትንሽ አሰብኩና «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ጻፍኩ።